የመነጽሩ በሬ

ሚስቴ ካረፈች አምስት ወር ሆናት። የዘጠኝ ወር ልጃችንን ከአማቴ ከእማማ ትዋብ ጋር ሆነን እያሳደግን ነው። እማማ ትዋብ ግን ከልጃቸው ሞት ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ ሕፃኗንም አዝለው አያውቁም። «ይዣት ብወድቅስ?» ይላሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ ቤት ልውል አስቤ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ አረጋውያን እንዴት እንደሚያዩና እንደሚራመዱ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ሲባል እማማን ወሰድኳቸው። ልጄን ታቅፌ በሩ ጋ ቆምኩ። አጥኚዋ ውስጡ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይበት ትልቅ ጥቁር መነጽር አጠለቀችላቸውና «እማማ፣ የሚታይዎት የገጠር መንገድ ነው። ቀስ ብለው ይራመዱ» አለቻቸው።

ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ባዶውን ግድግዳ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው እጅ ነሱ፤ መልስም ጠበቁ።

«እማማ፣ ሰዎቹ ሥዕል ናቸው። ይለፏቸው።»

«ሰው እያየሁ ዝም ብዬ ልለፍ?»

ሳቄ መጣ፤ ከሐዘኑ ወዲህ ረስቼው ነበር።

ትንሽ እንደሄዱ ጮኹ። «ኧረ በሬው! የሰው ጤፍ ውስጥ ገባ እኮ! ቆማችሁ ታያላችሁ?» ምርኩዛቸውን በሬው ላይ ወርውረው «ሃይ! ሃይ!» እያሉ ሮጡ። ግድግዳው ጋ ሊደርሱ ሲሉ አጥኚዋ እቅፍ አድርጋ ያዘቻቸው።

መነጽሩ ሲወልቅላቸው ምርኩዛቸው ወዲያኛው ጥግ ወድቋል። እያለከለኩ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«አምጣት። በሬ ያባረረች ሴት፣ ልጅ ማዘል ያቅታታል?»