አንገቴን ይዤ ወደ አቃቂ

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

ሰው ወደ ላንጋኖ የሚሄደው ሊዋኝ ነው፤ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ሊሳለም ነው። እኔ ወደ አቃቂ የሄድኩት አንገቴን ላሠራ ነው። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ስለሆነ ከተማዋን ከአናቷ እስከ እግሯ ጣት ማቋረጥ ነበረብኝ። በእጄ አንድ ቴነር ሳክስፎን ከነሣጥኑ ይዣለሁ። መሣሪያውን የማያውቅ ሰው «ሦስት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት በአንገቴ አንጠልጥዬው የኖርኩት እኔ ግን እምላለሁ፣ የአንድ ዓመት ጥጃ ነው፤ ያውም ውሃ የጠጣ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው እሁድ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ እየነፋሁ ሳለ አንገቴን አንድ ነገር ወጋኝ፤ ወዲያው የግራ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። መሣሪያውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሙሽሮቹ በከበሮ ብቻ ገቡ፤ ሰርግ ሳይሆን የወታደር ሰልፍ መሰለ። የባንዳችን አለቃ አዳነ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ በማግስቱ ደወለልኝ።

«መኬ፣ ወንድሜ ነህ፤ ግን ይሄ ሦስተኛህ ነው። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ልምምድ አለን። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመህ ከነፋህ የእሁዱ ሰርግ ያንተ ነው። አለበለዚያ ሳክስፎኑን ከኪቦርዱ አወጣዋለሁ።»

ከኪቦርዱ! ትንፋሽ የሌለው፣ በአንድ ጣት የሚጫኑት ሳክስፎን! ዛሬ ሰርጉ ከሄደብኝ፣ ነገ ምረቃው፣ ከነገ ወዲያ ስሜም ይሄዳል።

መፍትሔ ፍለጋ የሞከርኩት ማንገቻ ብዛት አንድ ሱቅ ያስከፍታል። ቀጭን የናይለን ማንገቻ ነበረኝ፤ አንገቴን እንደ አይብ ሊቆርጠው ደረሰ። ላስቲክ ያለው ገዛሁ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ሳክስፎኑን እያነጠረ ጥርሴን ሊያረግፈው ነበር። በመጨረሻ በቆዳው ማንገቻዬ ላይ ስፖንጅ አሰፋሁ፤ ሲያመኝ ጨመርኩበት፤ ደግሞ ሲያመኝ ደግሞ ጨመርኩበት። ፍራሽ አንግቼ የምዞር እስክመስል ድረስ። ሁሉንም የሰፋልኝ የሠፈራችን ጫማ ሰፊ በመጨረሻ እጁን አነሣ።

«ጋሼ መኮንን፣ ይሄ የጫማ ሰፊ ሥራ አይደለም» አለኝ። «አቃቂ በሰቃ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የጋሪ ፈረስ ጠፍር የሚሰፉ አሉ። ሸክም ያውቃሉ።»

ባለቤቴ ዓለም ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እኔ ስንት ዓመት የተናገርኩትን ዛሬ ጫማ ሰፊ ነገረህ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ጉዞ የሚጀምር ሰው ከቤቱ ሰላም ይዞ መውጣት አለበት።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ቃሊቲ

ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በታክሲ፣ ከፒያሳ ቃሊቲ በባቡር ነው የወረድኩት። ባቡሩ ውስጥ የነበረውን ግፊያ ብተርከው አታምኑኝም፤ የገዛ እግሬን የት እንዳቆምኩት የማውቀው ሌላ ሰው ሲጮህ ነበር። ቃሊቲ ስደርስ የከባድ መኪና ጭስና የብረት ድምፅ ተቀበለኝ። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ፉል በሁለት ዳቦ አዘዝኩ፤ መቶ ሃያ ብር። ቃሪያው ግን ያለ ዋጋ ነው የመጣው፤ ኃይሉ ሌላ አንድ ወር የሚያስኬድ ነበር።

ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት መጋዘን አለ፤ ወዛደሮች ከመኪና ላይ የስኳር ጆንያ ያወርዳሉ። ቆሜ አየሁ። አንዱ ጎልማሳ ወደ መኪናው ጀርባውን ይሰጥና ጆንያውን በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ይቀበላል፤ አንገቱ ግን ነጻ ነው፤ እንዲያውም እየተሸከመ ያፏጫል። ሃምሳ ኪሎ ተሸክሞ ማፏጨት! እኔ ሦስት ተኩል ተሸክሜ አቃስታለሁ።

«ወንድም፣ አንገትህን አያምህም?» አልኩት ሲያርፍ።

«አንገት ለማየት ነው፣ ፋዘር» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ለመሸከም ጀርባ አለ።» ከዚያ ሣጥኔን አየና፣ «ምንድነው እሱ? ጠብመንጃ ነው እንዴ?»

«ከጠብመንጃ የባሰ። የሚገድለው የያዘውን ሰው ነው።»

አቃቂ ለመድረስ ሚኒባስ ያዝኩ። ወያላው ሣጥኑን አይቶ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለ።

«ለምን?»

«የሁለት ሰው ቦታ ይዟላ!»

«እሺ፤ ግን ሁለተኛው ሰው ሙዚቀኛ ነው፤ ሙዚቀኛ ሲከፍል አይተህ ታውቃለህ?» ታክሲው ሳቀ፤ ወያላውም ሳቀ፤ የሁለት ሰው ግን ከፈልኩ። ቃሊቲና አቃቂ መሃል ቀልድ ሒሳብ አያስቀንስም።

አራት ሰዓት፣ አቃቂ በሰቃ

ከአስፋልቱ በባጃጅ ወደ ውስጥ ገባሁ። አሽከርካሪው ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እንደ ዘመድ እየጎበኘ አደረሰኝ። የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ከብየዳ ቤትና ከድንች ነጋዴዎች መሃል ነች፤ በሯ ላይ ልጓምና ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ከፊቷ አንድ ቡላ ፈረስ ከነጋሪው ቆሟል። ጋሽ ሸምሱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከስልጤ ልጅ ሆነው የመጡ፣ ወስፌ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ሰው ናቸው። ጉዳዬን በዝርዝር አስረዳኋቸው፤ ስለ ሕመሜም ትንሽ አጋነንኩ፤ አንዴ በቃሬዛ ወጥቻለሁ አልኩ።

እሳቸው አላዳመጡኝም። ከእጄ አሮጌውን ማንገቻ ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጡትና ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የግራው ጠርዝ ተበልቷል» አሉ። «ወደ ግራ ታዘነብላለህ። ስትነፋ በግራህ ምን አለ?»

አሰብኩ። በየሰርጉ የምንቆምበት ቦታ አንድ ነው። «የቁርጥ ጠረጴዛው» አልኩ።

የጋሪው ባለቤት ገመቹ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዞር አለ። ጋሽ ሸምሱ ግን አልሳቁም። «ፈረስ የት እንዳመመው አይናገርም፤ የሚነግረኝ ጠፍሩ ነው። ሰው ደግሞ ይናገራል፤ ግን ይዋሻል። ስለዚህ አንተንም በጠፍርህ ነው የማይህ።» ከዚያ ስፖንጁን ጨመቁት። «ይሄን ሁሉ ለምን ጨመርክ?»

«አመመኝ።»

«ልጄ» አሉ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ልጄ መባል ደስ ይላል፤ «ጀርባው የቆሰለ አህያ ላይ ድሪቶ ብትጨምርበት ቁስሉ ይሞቀዋል እንጂ አይድንም። ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው መቀየር ያለበት።»

ከትከሻ ትከሻ፣ ከትከሻ ወገብ ለኩኝ። ልኬን ደብተራቸው ላይ የጻፉት ከፈረሶቹ ልክ ቀጥሎ ነው፤ ከእኔ በላይ «ሻምበል» የሚል ስም አየሁ፤ በሩ ላይ የቆመው ቡላ ፈረስ ነው። ደረቱ ከእኔ ሰፊ ነው፤ በወገብ ግን እበልጠዋለሁ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መሄድ አለብኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ፒያሳ ካልደረስኩ እንጀራዬ በኪቦርድ ይሄዳል» አልኳቸው።

«ይደርሳል፤ ግን ሕጌን ስማ። ያለ ልክ አልሰፋም፤ ሳይሠራበት አልሰጥም። ጠፍር የሚፈተነው በመንገድ ላይ ነው።»

ያኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ እዚያው

እሳቸው ሲሰፉ ተቀምጬ አየሁ። አራት ጣት ስፋት ያለው የላም ቆዳ፣ ትከሻ ላይ በሚያርፍበት በኩል ለስላሳ የበግ ቆዳ ገባበት። ሁለት ጠፍሮች በሁለቱ ትከሻ ላይ አልፈው ጀርባ ላይ ይጠላለፋሉ፤ ከፊት ደረት ላይ ተገናኝተው ከአሮጌው ማንገቻ የተፈታውን መንጠቆ ይይዛሉ። ማስረዘሚያና ማሳጠሪያው አንድ ዘለበት ነው። አንገቴን የሚነካ አንድም ነገር የለም።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ ወስፌውን አስቀምጠው ለሰላት ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔም ሰዓቴን እያየሁ አጠገባችን ካለች ቤት ሽሮ በላሁ። ሽሮው ይንተከተካል፤ እኔ በየጉርሻው መሃል የመስጊዱን መንገድ አያለሁ። አዳነ ኪቦርዱን ሲከፍት በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል።

ጋሽ ሸምሱ ተመልሰው የመጨረሻውን ስፌት ጨረሱና አለበሱኝ። ሳክስፎኑን ሰቀልኩት። ምን ልበላችሁ፣ ጥጃው ግልገል ሆነ! ልከፍላቸው ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ።

«ገና ነው። ገመቹ፣ ሻምበልን አስነሳ። እስከ አሮጌው ሐዲድ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። አንተ እየነፋህ ከጋሪው ኋላ ትከተላለህ።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ በገበያው መሃል?»

«ፈረሱ አላፈረም፤ አንተ ታፍራለህ?»

ስምንት ሰዓት፣ ወደ ሐዲዱ

ተነሣን። ከፊት ሻምበል፣ ከጋሪው ኋላ እኔ፣ ከእኔ ኋላ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ጋሽ ሸምሱ። ገና ሁለት ስንኝ ሳልነፋ የድንች ነጋዴዋ ከድንቿ ላይ ተነሣች።

«የማነው ሰርግ? ሙሽራው የታለ?»

«ይሄው!» አላት ገመቹ ፈረሱን እያሳየ። እልልታው ቀለጠ። አቃቂ በሙሉ ወጥቶ ነበር ብል ትንሽ ነው ያጋነንኩት።

ብየዳ ቤቱን እንዳለፍን ግን አንገቴ ያቺን የማውቃትን ውጋት ወጋኝ። ደነገጥኩ። በአዲሱ ማንገቻ! ጣቶቼ መንዘር ሲጀምሩ ዜማው ተሰበረ። ይሄኛውም ካልሠራ ሌላ ምን ይቀረኛል? ፍጻሜዬ ይህ ነው፣ ከፈረስ ኋላ ተሰናበትኩ ብዬ አሰብኩ።

«ቁም!» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ፈረሱም እኔም ቆምን። ከፊቴ መጥተው አዩኝ። «ስትነፋ ለምንድነው የምትጎነበሰው?»

«አልተጎነበስኩም።»

«ገመቹ፣ ተጎንብሷል?»

«ወንዝ የወረደ ፈረስ ይመስላል» አለ ገመቹ፤ ሐቀኛ ሰው።

ያኔ ነው እውነቱ የገባኝ። ወጣት ሳለሁ ሳክስፎንን ዝቅ አድርጎ እስከ ጉልበት ማንጠልጠል ፋሽን ነበር፤ ሴቶቹ ያዩናል ብለን ነው። ያየችኝ ዓለም ብቻ ነች፤ እሷንም አግብቻታለሁ። ማንገቻው ግን እንደረዘመ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት አፌን ወደ መሣሪያው ሳወርድ ኖሬያለሁ። አዲሱንም ዘለበት ያሰርኩት በአሮጌው ልኬ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ዘለበቱን ፈትተው አራት ጣት ያህል አሳጠሩት። «ቀጥ ብለህ ቁም። ፊት ለፊት እይ። አሁን አፍህን ክፈት።» የሳክስፎኑ አፍ በራሱ መጥቶ ከንፈሬ ላይ አረፈ፤ አንገቴ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። «አየህ? ፈረስ ወደ ጋሪው አይጎነበስም። ጋሪው ነው በፈረሱ ቁመት ልክ የሚነሣው።»

መልሱን በሳክስፎኔ ሰጠኋቸው። ሐዲዱ ደርሰን ሱቁ እስክንመለስ ድረስ ሳላቋርጥ ነፋሁ፤ ደረቴ ስለተከፈተ ትንፋሼ ሁለት ሰው የሚያኖር ሆነ። የሻምበል ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ያ ፈረስ በምት የሚረግጥ ነበር፤ ከእኛ ከበሮ መቺ ይሻላል።

ሱቁ በር ላይ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ከጠፍሩ ስር አስገብተው ላቤን ዳሰሱ። «በሁለቱም በኩል እኩል ነው» አሉ። «አሁን መክፈል ትችላለህ።» ሺህ ስምንት መቶ ብር። ስሰናበት አንድ ነገር አከሉ፦ «ዘፈን በሌለበት ጊዜ መሣሪያውን አውርደው። ፈረስም ቆሞ ሲጠብቅ ይፈታል። ከሦስት ወር በኋላ ጠፍሩን ይዘህልኝ ና፤ እንዴት እንደቆምክ አየዋለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፒያሳ

ደረስኩ፤ እንዴት እንደደረስኩ ባቡሩና ፈጣሪ ያውቃሉ። አዳነ ሰዓቱን ፈትቶ ማጉያው ላይ አስቀመጠው። ኪቦርዱ ተከፍቷል። ልጆቹ ጠፍሬን አይተው «መኬ፣ ጋሪው የት ቀረ?» እያሉ ሳቁ። እኔ የዘለበቴን አዲስ ልክ ፈተሽኩ፤ ፊት ለፊት አየሁ፤ ነፋሁ።

ሃያ ደቂቃ። ሠላሳ። አርባ ላይ ጣቶቼን መጠበቅ ጀመርኩ፤ ያቺ ውጋት የት ደርሳ ይሆን እያልኩ። አልመጣችም። አቃቂ ቀርታለች። አንድ ሰዓቱ ሲሞላ አዳነ እጁን አነሣ፤ እኔ ግን በተንኮል ሌላ አሥር ደቂቃ ጨመርኩለት።

አዳነ ሰዓቱን መልሶ እጁ ላይ አሠረ። ለኪቦርዱ ልጅ «የሳክስፎኑን ድምፅ አጥፋው፤ እሁድ አንፈልገውም» አለው። ከዚያ ቀረብ ብሎ የግራ ትከሻውን፣ የቤዝ ጊታሩ ቀጭን ማንገቻ የሚያርፍበትን፣ እያሸ በለሆሳስ ጠየቀኝ፦

«መኬ፣ ሰውዬው የት ነው ያሉት?»

«አቃቂ በሰቃ። ግን ሕግ አላቸው» አልኩት። «ከፈረስ ኋላ ትከተላለህ።»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ቤት

በሩን የከፈተችልኝ ዓለም ነች። ገብቼ ሣጥኑን ሳስቀምጥም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«ምን ሆነህ ነው የረዘምከው?» አለች።

ጠፍሩን ለብሼ አሳየኋት፤ የጋሽ ሸምሱንም የጋሪና የፈረስ ነገር ነገርኳት። እሷም ሳቋን ይዛ ሰማችኝ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹አታቀርቅር› ስልህ ጭቅጭቅ ነው አልክ። ለካ ፈረስ ይዤ መምጣት ነበረብኝ» አለች። ከዚያ አገጬን በሁለት ጣት ያዝ አድርጋ ወደ መብራቱ አዞረችው።

«አገጭም አለህ ለካ» አለች።

እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ሸክምን ወደ ራስህ ቁመት አንሣው እንጂ አንተ ወደ እሱ አትውረድ። አሮጌውን ባለ ስፖንጅ ማንገቻ አልጣልኩትም። በር ላይ ያለው ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ቀና ብዬ ነው የሰቀልኩት።