አርባ ስድስት ምት በደቂቃ

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ሱቅ የልብ ምት መቆጣሪያ ልገዛ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት ስሮጥ ስንት ካሎሪ እንደማቃጥል በቅጡ ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ነገርን በግምት መተው አልወድም። ወጣቱ ሻጭ በእጅ የሚታሰር ሰዓት አወጣልኝ። ስለሚያውቀኝ አንድ ቀን አስሬ እንድሞክረው ፈቀደልኝ። በማግስቱ መለስኩለት። ከገበያ እስከ ቤቴ በባጃጅ ተቀምጬ በሄድኩበት ኮረኮንች መንገድ፣ ሰዓቱ ሲሮጥ እንደዋለ ሰው ካሎሪ ቆጥሮልኛል።

«የሮጠው እኮ ባጃጁ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ደረት ላይ የሚታጠቀውን ቀበቶ አሳየኝ ስለው ግን አመነታ። «እትዬ ዘሀራ፣ እሱ የሯጮች ነው። ለእርስዎ ሰዓቱ ይበቃል። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ልብን ብዙ ባያስቸግሩት ይሻላል።»

ክፋት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ስለ ልቤ ሌላ ሰው ሲወስን ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወሩ ግንቦት። በግንቦት የእኛ ቆላ ሙቀት ረፋዱ ላይ አስፋልቱን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ ከሮቢ ወንዝ ድልድይ ተነሥቼ፣ አየሩ የበሰለ ማንጎ እየሸተተኝ፣ የጭነት መኪኖቹን ዳር ይዤ እሮጥ ነበር። የስፖርት መምህራችን ደብረ ብርሃን ለሚደረግ የተማሪዎች ውድድር መረጠኝ። ከትምህርት ቤታችን የተመረጥኩት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የቀረኝ የጤና ወረቀት ነበር።

ወረቀቱን የሚጽፉት በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያጥቡ፣ ከተማው በሙሉ «ዶክተር» እያለ የሚጠራቸው አንድ አዛውንት ድሬሰር ነበሩ። የእጄን አንጓ ይዘው፣ ሰዓታቸውን እያዩ ቆጠሩ። ደገሙት። ከዚያም ወደ አባቴ ዞሩ።

«አርባ ስድስት። ጤነኛ ልብ ከስልሳ አይወርድም። የልጅዎ ልብ ደክሟል፤ እንኳን ልትሮጥ ውኃም ባትቀዳ ይሻላል።»

ጻፉት፤ ማኅተም አሳረፉበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የለቅሶ ቤት መሰለ። እናቴ በማር የተመታ አብሽ ጠዋትና ማታ ታጠጣኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር አብሹ ይጣፍጥ ነበር፤ የጠላሁት አብሮት የሚመጣውን አስተያየት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሩቅያ በሩ ላይ ቆመው «አላህ ያሽርሽ የኔ ልጅ» ይሉኛል፤ ቀጥለው ለእናቴ፣ እኔም እንድሰማው ሆኖ፣ «ይህን ልብ ይዛ ማን ያገባታል?» ይላሉ። እኔን ምን እንደሚሰማኝ የጠየቀ አልነበረም። ልቤ ደክሞ ከሆነ እግሮቼ ወሬውን አልሰሙም።

የአጎቴን ሴኮንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ተዋስኩ። ደብተር አሰመርኩ፦ ስም፣ ሥራ፣ የምት ብዛት። የጀመርኩት በአባቴ ነው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ ምታቸው ሰማንያ ስምንት ሆነ። ቀጥዬ በገበያው ግራር ሥር ወደሚያርፉት ጫኝና አውራጆች ሄድኩ። ሙሄ የሚባለው፣ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣው፣ እጁን አልሰጥም አለ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«የልብህን ምት ልቆጥር።»

«የኔን ልብማ አንዲት የማጀቴ ከተማ ልጅ ወስዳዋለች፤ እዚያው ሄደሽ ቁጠሪ!»

ጓደኞቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እጁን እስኪሰጠኝ ቆምኩ። ሃምሳ ሁለት። ከጎኑ ያለው ሃምሳ አራት። ሦስተኛው ሃምሳ። ሸክም የሚበዛበት ሰው ሁሉ ሲያርፍ ልቡ ረጋ ይላል።

ደብተሩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። መስመር በመስመር አነበቡት። የራሳቸውን ቁጥር ሲያገኙ ጣታቸውን አሳርፈው ከጫኞቹ ቁጥር ጋር አስተያዩት። በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጤና ጣቢያው ይዘውኝ ሄዱ።

ድሬሰሩ ደብተሩን ገለጥ አድርገው ከደኑት። «አንቺ ልጅ፣ ይህ የኔ ሙያ ነው።»

ደብተሩን መልሼ ገለጥኩላቸው። «እንግዲያው ዶክተር፣ ጫኞቹንም ሥራ ያስቁሟቸው። ከእርስዎ ስልሳ ሁሉም ወርደዋል። ሽንኩርቱ እዚያው ይበስብስ።»

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይለወጥም!»

ለታላቅ መልስ መስጠት በእኛ ቤት ነውር ነበርና አባቴ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ብዕር ጠየቁ። «ማኅተሙ ባለበት ይቀመጥ» አሉ። «እኔ ደግሞ ከሥሩ እፈርማለሁ። የልጄን ልብ እርስዎ ለአንድ ደቂቃ ቆጠሩት፤ እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሥሩ አድሬያለሁ።»

መምህሩ በአባቴ ፊርማ ወሰደኝ። ደብረ ብርሃን እንደዚያ እንደሚበርድ የነገረኝ አልነበረም፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከመሮጫው መስመር ቆምኩ። አምስተኛ ወጣሁ። ደክሟል ለተባለ ልብ አምስተኛ መውጣት አያንስም።

እናም ባለፈው ሳምንት የደረቱን ቀበቶ ገዛሁት። ከሰዓቱ ይልቅ ለልብ ስለሚቀርብ ምቱን አጥርቶ ያነባል። ካሎሪው ግን ከምቱ፣ ከዕድሜና ከክብደት የሚሰላ ግምት መሆኑን አልረሳሁም፤ ስለዚህ ክብደቴን በትክክል ተመዝኜ ስልኬ ላይ ሞላሁ። ቁጥርን እያከበሩ ፍርዱን እንቢ ማለት እንደሚቻል የተማርኩት በዚያ ግንቦት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲም ይህን ያህል የጠቀመኝ ትምህርት ጥቂት ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ታጥቄው በራፌ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጮኸ፦ የልብ ምትዎ ዝቅተኛ ነው፣ አርባ ዘጠኝ። ሐኪሜ በየዓመቱ ትመረምረኛለች፤ ልቤ ደህና መሆኑን እሷም እኔም እናውቃለን። ማስጠንቀቂያውን ለዘለቄታው አጠፋሁትና ፀሐይዋ ሳትቀድመኝ ተነሣሁ።