የባሏ ጆሮ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ከመጠጥ ለማላቀቅ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ከጦር ሜዳ ሲመለስ ልጃቸው ገና ዳዴ ትል ነበር፤ አሁን ኮሌጅ ጨርሳለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ጠርሙስ ደብቃለች፣ በር ቆልፋለች፣ አልቅሳለች፣ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገብታ ተመልሳለች። የታንክ ሹፌር የነበረው አስር አለቃ ባሏ ግን መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «እሺ።» ከዚያ ይወጣል፤ ሲመለስ ግድግዳ እየደገፈ ነው።

በኋላ በቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ አዲስ ሕክምና ተጀመረ ተባለና አንድ የጦር ጓደኛው ጎትቶ ወሰደው። መርፌ የለ፣ ቀዶ ጥገና የለ። ሽቦ ያላት ትንሽ መቆንጠጫ ጆሮው ላይ ትደረግና ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ በለስላሳ ኤሌክትሪክ ትነካካለች። ሐኪሙ «ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው፤ ለሁሉም አይሠራም፤ ምክሩም አብሮ መሄድ አለበት» ብሎ ነበር። ለአስር አለቃው ሠራለት። ቀስ በቀስ ጥማቱ ረገበ፣ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ፣ በጊዜ ቤት መግባት ጀመረ።

ጎረቤት «እንኳን ደስ አለሽ!» ሲላት በጥርሷ ሳቀች።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ጮኬ ያልከፈትኩት ጆሮ፣» አለቻት ልጇን፣ «ለሽቦ ይከፈት?»

«እማዬ ደግሞ! በሽቦ ይቀናል?»

ሽቦ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሽቦዋን የምታደርግለት ነርስ ነበረች። «ሲስተር ውሃ ጠጣ ብላኛለች፤ ሲስተር በእግርህ ሂድ ብላኛለች።» በክሊኒክ ቀን ጢሙን ተላጭቶ «እስቲ ያቺን ሰማያዊ ሸሚዝ ተኩሺልኝ» ይላል። አንድ ጠዋት ካውያውን ኮሌታው ላይ አቆየችው። ሽታው ቤቱን ሲሞላ «ውይ፣ ረስቼው!» አለች። እሱ «ግድ የለም» ብሎ ሌላ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ይሄ ይብስ አናደዳት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሹራብህን ረሳህ» በሚል ሰበብ ተከትላው ሄደች። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሲስተር ቆንጆ ብትሆን ቅናቷ መልክ ይይዝላት ነበር፤ ግን ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደ ሴት ናት። ባሏ ሽቦዋ ከጆሮው እንደተንጠለጠለች ያወራል። ታንኩ ሲቃጠል ውስጥ ስለቀረው ተኳሽ፣ ተኳሹ ከውስጥ ስሙን እየጠራ ሲጮህ የጋለው ብረት የሱን መዳፍ ስለላጠው፣ ክዳኑን መክፈት ስላቃተው። እንባው በአገጩ ይወርዳል። ሲስተር ታዳምጣለች።

የመዳፉ ጠባሳ ለሚስቱ የጭነት መኪና ሞተር ያቃጠለው ነበር። እንዲያ ያላት ራሱ ነው። ሹራቡን በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጥላ ሄደች።

ማታ ሹራቡን ይዞ ገባ። «መጥተሽ ነበር?»

«ባልመጣ ይሻለኝ ነበር! አብሬህ ያረጀሁት እኔ፣ ሆድህን የምታውቀው እሷ?»

አስር አለቃው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለሷ ከነገርኳት በኋላ ተነስቼ እወጣለሁ። ላንቺ ብነግርሽ ግን ነገሩን ይዘሽው ታድሪያለሽ። ፊትሽን ባየሁ ቁጥር ተኳሹን እንዳላይ ፈርቼ ነው።»

«አትፍራ አልልህም። ንገረኝ ነው የምልህ።»

ነገራት። በአንዴ አይደለም፤ እሷ ቁልፍ ስትተክል፣ እሱ መስኮት መስኮቱን እያየ፣ እየቆረጠ እየቀጠለ። ተኳሹ ቀልደኛ እንደነበር፣ ሲዘፍን ዜማ ይስት እንደነበር ሳይቀር ነገራት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የጋለ ካውያ በነካች ቁጥር መዳፉ ትዝ እያላት እጇን ትሰበስብ ነበር።

ክሊኒኩ መሣሪያዋን ወደ ቤት እንዲወስዳት ሲፈቅድ አጠቃቀሙን ለሚስቱ ያሳየቻት ሲስተር ናት። «ትንሽ ሲነዝረው በቃ፤ አጥብቀሽ እንዳትቆነጥጪው።»

«የባሌን ጆሮ አውቀዋለሁ» አለች ቆጣ ብላ።

ያ ወደ ክሊኒክ የወሰደው ጓደኛው የሞተ ዕለት አስር አለቃው ከቀብር ሰክሮ ተመለሰ። በማግስቱ መጀመሪያ የደወለው ለሲስተር ነው። ሚስቱ ሰማች፤ ፊቷ ጠቆረ። ግን ጫማዋን አደረገችና «ተነስ፣ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ» አለችው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እስካሁን ደህና ነው።

ሲስተር ሌላ ከተማ ተዛውራ በቦታዋ አንድ ወንድ ነርስ ተተካ። አስር አለቃው ይህን አዝኖ ሲያወራ ሚስቱ «ወይኔ፣ ያሳዝናል» አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ፣ ልጇን በዓይኗ እየጠቀሰች፣ አፏን በመዳፏ አፍና ሳቀች።