አቶ ከበበው እና ሦስተኛው ዓመት

አቶ ከበበው ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ አንድ በር ብቻ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፉ ነበር። ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ ጨርቅ የማያባክኑ፣ ሰው የማያሙ ሰው ነበሩ። የሠፈሩ ሰው ስለ ሁሉም ነገር ያጫውታቸዋል፤ የበኩር ልጃቸውን የራጉኤልን ነገር ግን በፊታቸው የሚያነሣ አልነበረም።

ራጉኤል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሁለት ዓመት በሰላም ተማረ። ሦስተኛ ዓመት በገባ በጥቂት ወራት፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከአንድ ጓደኛው ቤት ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሬሳው አልተገኘም፤ መርዶም የነገራቸው የለም። ስለዚህ አቶ ከበበው ፍትሐት አላስፈቱም፤ ተዝካርም አላወጡም። ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ እንኳ፣ ካህኑ የቤተሰቡን ሙታን ስም ሲጠሩ የራጉኤልን እንዳይጨምሩ አስቀድመው ለመኗቸው።

ያም ብቻ አልነበረም። በየዓመቱ ለመስቀል አንድ ሸሚዝ ይሰፉለት ነበር። መጀመሪያ በተማሪነቱ ልክ ሰፉ፤ ዓመታት በተከታተሉ ቁጥር ግን ትከሻውን ሰፋ፣ ወገቡን ላላ እያደረጉ ሄዱ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ የተሰቀሉትን ሸሚዞች በተራ የተመለከተ ሰው፣ አንድ ወጣት ቀስ በቀስ ሲጎለምስ ያያል። ከሸሚዞቹ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

ታናሽ ልጃቸው ጸደንያ ወንድሟ በተወሰደበት ዘመን ገና የምትድህ ሕፃን ነበረች። በ1987 ዓ.ም. ክረምት የማትሪክ ውጤቷ መጣ፤ ሦስት ነጥብ ስድስት። የሠፈሩ ሰው እልል አለ። የቀረው ምርጫው ብቻ ነበር፦ አራት ዓመት የሚፈጀው ዲግሪ ወይስ በሁለት ዓመት የሚያልቀው ዲፕሎማ። ጸደንያ ኬሚስትሪን በዲግሪ ማጥናት ፈለገች። አባቷ የጽሕፈት ሥራ በዲፕሎማ እንድትማር ቈረጡ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር፦ «ሁለት ዓመት ይበቃል።»

ምርጫው ተሞልቶ ሊመለስ አንድ ሳምንት ሲቀር የኬሚስትሪ መምህርቷ ወይዘሮ ዶርቃ ወደ ስፌት ቤቱ መጡ። በዚያ ሰዓት ጡረተኛው ሾፌር ኦቦ ሂርጳ፣ ገና ያላለቀ ሱሪያቸውን እየጠበቁ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሽ ከበበው» አሉ ወይዘሮ ዶርቃ፣ «ይህን ውጤት ይዞ ዲፕሎማ መግባት ማለት፣ ከሙሉ ጣቃ ላይ መሐረብ ቀድዶ ሌላውን እንደ መጣል ነው።»

«መሐረብም ያስፈልጋል» አሉ አቶ ከበበው፣ የስፌት መኪናውን መርገጫ ሳያቆሙ።

«ለአፍንጫ ነዋ!» አሉ ኦቦ ሂርጳ። «ልጅቷ አእምሮ አላት ነው የሚሉህ። አንተ እኮ ከበበው፣ ማሳጠር ነው የለመድከው፤ ያገኘኸውን ሁሉ ታሳጥራለህ።»

«የራስህን ሱሪ ጠብቅ።»

«እስከ መቼ? ለተዝካሬ ልታደርስልኝ ነው?»

መኪናው ቆመ። ኦቦ ሂርጳ ከአፋቸው የወጣውን ቃል ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ዶርቃ ነገሩ ባይገባቸውም ደንግጠው ተሰናብተው ወጡ። ሱሪው በዚያን ቀን አላለቀም።

ጸደንያ በጓዳው በር ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ራት ሲቀርብ እንጀራውን ሳትቆርስ ተናገረች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሦስተኛውን ዓመት ነው የፈሩልኝ፤ አይደለም?»

አቶ ከበበው እንጀራውን ቆርሰው ወጥ አጠቀሱ።

«ራጉኤል በሕይወት ካለ፣ ሦስተኛው ዓመት ምን አደረገው? ገድሎት ከሆነ ደግሞ ተዝካሩ ለምን እስከ ዛሬ ሳይወጣ ቀረ?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ያደረገችውን አወቀች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማንም ያልደፈረውን መርዶ የነገረቻቸው እርሷ ሆነች። አቶ ከበበው በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሰው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

በማግስቱ ማለዳ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ዲግሪውን ጻፊ» አሏት። «ለቅዳሜ የዕድሩን ድንኳን አዝዣለሁ።»

ቅዳሜ ተዝካሩ ወጣ። ካህናቱ የራጉኤልን ስም ከሙታን ጋር ጠሩ፤ ጎረቤት ሁሉ እንደ ትኩስ ሐዘን አለቀሰ። ሸሚዞቹ ለነዳያን ተሰጡ። ጸደንያ እንግዶቹን ስታስተናግድ ዋለች፤ አንዲት ሐሳብ ግን ከልቧ አልወጣ አለች፦ አሁን በዚህ በር ቢገባ፣ የገዛ ራሱን ተዝካር ስንበላ ያገኘናል።

ያቺ ሐሳብ ተከትላት ዩኒቨርሲቲ ገባች። አንደኛውንና ሁለተኛውን ዓመት በጥሩ ውጤት አለፈች። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከታክሲ ወርዳ ገና ጥቂት ሳትራመድ፣ ከፊቷ የሚሄድ አንድ ጎልማሳ ታያለች፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ላላ ያለ ሸሚዝ የለበሰ። የአባቷን ስፌት ታውቀዋለች። ሰውየው ለማኝ መሆኑንም ታውቃለች። ቢሆንም ቀድማው ፊቱን ለማየት አንድም ቀን አልደፈረችም። አቶ ከበበው ደግሞ በዚያ መንገድ መሄድን ፈጽመው ተዉ።

መስከረም 1990 ዓ.ም. ተመዝግባ ወደ ቤት መጣች። አባቷ በመርፌ ክር እያስገቡ ነበር፤ ክሩ አልገባ አላቸው።

«ዘንድሮ ስንተኛ ዓመት ሆንሽ?»

ጸደንያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም ነበር።

«ሁለተኛ።»

«አምናም ሁለተኛ ነበርሽ።»

«አዎ።»

«ደገምሽ ማለት ነው?»

«ደገምኩ፣ አባዬ።»

ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣውን ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያም፣ «ጎሽ» አሉ፤ ክሩም ገባላቸው።

ያን ዓመት ሙሉ ትምህርቷን አልጠየቋትም። ፈተና ሲደርስ ቀድመው ይተኛሉ፤ እርሷም መጻሕፍቷን በሌላ ወረቀት ሸፍና ትይዛለች። የሚያደርጉት ሁሉ ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነበር። ኦቦ ሂርጳ አንድ ቀን፣ «ልጅቷ መቼ ነው የምትመረቀው?» ብለው ቢጠይቁ፣ አቶ ከበበው፣ «ገና ናት፤ ደግማለች» ብለው መለሱ፤ ድምፃቸውም የሚያፍር ሰው ድምፅ አልነበረም።

በቀጣዩ መስከረም፣ ጸደንያ ከመመዝገቢያው መልስ ሳትጠየቅ፣ «አባዬ፣ አራተኛ ነኝ» አለቻቸው።

አቶ ከበበው መቀሱን አስቀመጡ። በጣታቸው እንደሚቈጥር ሰው አደረጉና፣ ቈጠራውን መካከል ላይ ተዉት። በርጩማውን ወደ እርሷ ገፋ አደረጉላት።

«እስቲ ተቀመጪ» አሏት። «ለመሆኑ ይህ ኬሚስትሪ የምትሉት ምንድን ነው?»