ነፋሱ በራችንን ያንኳኳ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳና የበራችን የደብዳቤ ማስገቢያ ክዳን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ማለት ስትጀምር፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ የነበርኩት እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የልጅ እናት፣ ቢላዋውን አስቀምጬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ማንም አላየኝም፣ ግን አፈርኩ። ክዳኗ ስስ ቆርቆሮ ናት፤ ነፋስ በኮሪደሩ ሲገባ ትነሳለች፣ ሲያልፍ ትወድቃለች፣ ሌላ ነገር የላትም። እኔ ግን ያንን ድምፅ ስሰማ አሥር ዓመቴ ነው፣ ከጠረጴዛ ሥር ነኝ፣ የወንድሜን አፍ ይዣለሁ።

ለንደን የገባነው በሐምሌ ነበር። አገር ቤት የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ዓመት አልፎታል፣ አባቴ ከታሰረ ደግሞ ስምንት ወር። አባቴ የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ በዚያ ኅዳር ጠዋት ሦስት ሰዎች መጥተው ሲያንኳኩ እናቴ ጓዳ ስለነበረች ሮጬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። «አባትሽ አለ?» አሉኝ፣ በትህትና ነው የጠየቁኝ፣ «አለ፣ ቁርስ እየበላ ነው» አልኳቸው። የጎረሰውን ሳይውጥ ወሰዱት። ማንም በእኔ አልፈረደም፣ እናቴም አንድ ቀን «ለምን ከፈትሽ?» ብላኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት።

ስቶክዌል የሚባል ሰፈር የተሰጠን ቤት አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን። ያን በጋ እኔና ወንድሜ ናቲ ከመስኮቱ ተለይተን አናውቅም፤ አምስት ዓመቱ ስለነበር ከሶፋው ላይ አቆመውና ከታች የሚያልፉትን ቀይ አውቶቡሶች እየቆጠርን፣ እሱ ከአሥር በላይ ስለማያውቅ አሥር ሲሞላ እንደገና ከአንድ እየጀመርን፣ ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ ስታስቸግር እንውል ነበር። ፎቁ ከፍ ማለቱ ያኔ አላስፈራኝም። እንዲያውም ማንም እዚህ ድረስ ወጥቶ ሊያንኳኳ አይችልም ብዬ ተደስቼ ነበር።

በመስከረም ትምህርት ቤት ገባን፣ እናቴም ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አካባቢ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘች። ጣጣው የሰዓቱ ነበር። እኛ በፈረንጅ ሰዓት ሦስት ተኩል ላይ እንለቀቃለን፣ እሷ ቤት የምትደርሰው ከአራት ተኩል በኋላ ነው። በአጠገባችን ካለው ሕንጻ የምትኖር እትዬ ሰዓዳ የምትባል የደሴ ሰው ነበረች፤ አገሩን ከእኛ በፊት አሥር ዓመት የለመደች፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ፣ እጇ የተዘረጋ ሴት። እሷ የራሷን ሁለት ልጆች ስታመጣ እኛንም ይዛን ትመጣና ሊፍቱ ውስጥ አስገብታን፣ ወደ ማታ ሥራዋ ከመግባቷ በፊት ልጆቿን ለማብላት ትሮጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ብቻችንን ነበርን።

ያቺ ሰዓት በቤታችን ትልቁ ምሥጢር ነበረች። እትዬ ሰዓዳ አንድ ቀን ሳሎን ተቀምጣ እናቴን ስታስጠነቅቃት ሰምቻለሁ። «አንቺ ጥሩዬ፣ ልጆቹ ብቻቸውን እንደሚቆዩ ለማንም እንዳታወሪ። የልጆችን ጉዳይ የሚያየው ሶሻል ሰርቪስ ሪፖርት ከደረሰው መጥተው ነው የሚወስዷቸው። አንዴ ከወሰዷቸው ደግሞ ሎየር በይው፣ ኮርት በይው፣ ምኑ ቅጡ።» እናቴ የሻዩን ብርጭቆ ደጋግማ አዞረችው። በማግስቱ እኔን ለብቻዬ አስቀምጣ ሕጉን ነገረችኝ፤ በሩን ቆልፈሽ ሰንሰለቱን አድርጊ፣ መብራት አታብሪ፣ ቴሌቪዥን አትክፈቺ፣ ሰው ቢያንኳኳ፣ በስምሽም ቢጠራሽ፣ የኔን ድምፅ እስክትሰሚ አትክፈቺ። «ይወስዷችኋል» አለችኝ። መውሰድ ምን እንደሆነ እኔ አይቻለሁ፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

እናም ያን መኸር በየቀኑ ከጨለመ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለን በሹክሹክታ እናወራ ነበር። ናቲ ጨዋታ ይመስለው ነበር፣ ችግሩ ግን ኮሪደሩ ላይ የወንድ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ዓይኑ ፈጦ «አባባ ነው?» ማለቱ ነበር። አባታችን ሥራ ሄዶ ነው፣ ይመጣል፣ ስለተባለ በየቀኑ ይጠብቀዋል። አይደለም ብዬ አፉን መያዝ የኔ ሥራ ሆነ።

ጥር ገባ። ለከተራ አክስቴ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ነጭ ቀሚስ ላከችልኝ፣ ጥለቱ ሰማያዊ፣ እጅጌው ረጅም፣ ስዞር የሚነፋ። እናቴ ዋዜማውን አጥባ፣ ሥሩ ሂተር ስላለ ቶሎ ይደርቃል ብላ፣ መኝታ ቤት የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀለችው። ከሥራ ስትመለስ ሦስታችን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን ተብሏል። በከተራው ዕለት ክፍል ውስጥ ሆኜ የማስበው ቀሚሴን ብቻ ነበር።

ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ነበር፣ ግን እኩለ ቀን ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ሜዳ ላይ እንዳንወጣ ተከለከልን፣ ከጣሪያው ሸክላ እየተነቀለ ሲከሰከስ በመስኮት አየን፣ አስተማሪዋም ትስቃለች ግን ፊቷ ገርጥቷል። ስንለቀቅ እትዬ ሰዓዳ አራታችንን እጅ ለእጅ አያይዛ፣ ግድግዳ ግድግዳውን፣ እየጮኸች ነዳችን። የቆሻሻ በርሜል አስፋልቱን እየተንከባለለ አለፈን፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ከነሥሩ ተገንድሶ መኪና ላይ ተኝቷል፣ ናቲ ቀላል ስለሆነ በየመታጠፊያው ነፋሱ እግሩን ከመሬት ያነሳው ነበር። ሊፍቱ ጋ ስንደርስ እትዬ ሰዓዳ ወደ ውስጥ ገፋችን። «ቶሎ ግቡ፣ እናታችሁ መንገድ ላይ ናት» አለችን፣ በሩም ተዘጋ።

ቤት ገብቼ ቆለፍኩ፣ ሰንሰለቱን አደረግኩ። ሕንጻው ይወዛወዝ ነበር። እየፈራሁ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከዳር ዳር ሲል፣ አምፖሉ በገመዱ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሪያው ላይ ለጥገና የተተከለ የብረት መወጣጫ ነበረ፣ እሱ ከአንድ ጎኑ ተላቆ ግው እያለ ከራሳችን በላይ ግድግዳውን ይመታል። በመታ ቁጥር ናቲ እኔን ይመታኛል፣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅማ። ይዤው ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የበሩ ክዳን ቋ፣ ቋ ትላለች። ነፋስ ነው አልኩት፣ ነፋስ ነው፣ ነፋስ ነው።

ከዚያ ነፋስ ያልሆነ ነገር አንኳኳ። በጡጫ ነበር። «ሰው አለ? ሕንጻውን እያስለቀቅን ነው፣ ውጡ!» ይላል በእንግሊዝኛ። ቋንቋው አልገባኝም ብዬ አልዋሽም፣ እያንዳንዷ ቃል ገብታኛለች። የጎረቤቶቻችን በሮች ሲከፈቱ፣ ሰዎች በደረጃው እየሮጡ ሲወርዱም ይሰማኛል። ክዳኗ ተነሳች፣ ብርቱካናማ ጓንት ያጠለቁ ሁለት ጣቶች ገቡ፣ ከኋላቸው ዓይን። «ሄሎ? ልጆች አሉ?» አለ ሰውየው። ልጆች ካለ አወቁ ማለት ነው፣ ሰው ነግሮብናል ማለት ነው፣ ሊወስዱን ነው የመጡት። ናቲ ደግሞ የወንድ ድምፅ ሲሰማ ፊቱ በራ፣ «አባ» ብሎ ጀመረ፣ ሳይጨርሳት በሁለት እጄ አፈንኩት። ነከሰኝ። ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ፣ አለቀቅኩትም። ሰውየው ትንሽ ጠበቀና ለሌላ ሰው «ይሄኛው ባዶ ነው» አለ። ኮቴው ራቀ።

ያኔ የተሰማኝን ስናገር አፍራለሁ፤ ደስ አለኝ። ይህንን በር አልከፈትኩም፣ ወንድሜን አላስወሰድኩም።

ደስታዬ ብዙም አልቆየ። ከመኝታ ቤት በኩል ጆሮ የሚበጥስ ፍንዳታ ሆነና የቤቱ አየር በሙሉ ወደዚያ ተሳበ፣ ጋዜጣው፣ የናቲ ሥዕሎች፣ ሁሉም እየበረሩ ሄዱ። የመኝታ ቤቱ በር ተበርግዶ መስኮቱ የለም፣ ግራጫ ሰማይ ብቻ አለ። ቀሚሴ ከዘንጉ ላይ ተነፍቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አንዴ ዞረና ወጣ። ጠረጴዛው ራሱ መሬቱ ላይ እየተንሸራተተ ነበር። እግሩን አቅፌ ተኛሁ፣ ናቲን ከሥሬ አደረግኩት። ሕንጻው ውስጥ ሰው እንደሌለ አውቅ ነበር፤ የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን፣ የቀረነውም በኔ ጥፋት ነው። እሞታለሁ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው፣ ከመሞቱ ይልቅ ግን እናቴ መጥታ ምን ትለኛለች የሚለው አስጨነቀኝ።

ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ደረጃው ላይ ሩጫ ሰማሁ፣ ከዚያ ቁልፍ በራችን ውስጥ ዞረ። በሩ ሰንሰለቱ ድረስ ተከፈተና ሞባይል የያዘ እጅ ገባ። ከስልኩ የእናቴ ድምፅ ይወጣል፣ ተሰባብሮ። «ማሂዬ፣ ክፈቺ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺለት።» እጄ በናቲ ጥርስ ደምቶ ስለነበር ሰንሰለቱ አዳለጠኝ፣ በሦስተኛው ተከፈተ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሁለታችንን ታቅፎ አሥራ አራቱንም ፎቅ በደረጃ ወረደ።

እናቴ ከታች፣ ፖሊሶች የዘረጉት የፕላስቲክ ገመድ ጋ፣ እትዬ ሰዓዳ ደግፋት ቆማ ነበር። አላቀፈችኝም። ራሴን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጉልበቴን ዳበሰች፣ ጨርሳ እንደገና ከራሴ ጀመረች፤ ናቲን እንኳ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኗ አልፎ አልፎ ወደ መሬቱ፣ ወደ መኪኖቹ መሃል ይሄዳል። ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም ነበር።

በጸደይ ከሶሻል ሰርቪስ አንዲት ሴትዮ ሁለት ጊዜ መጣች። እናቴ ቤቱን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ ፍርድ እንደምትሰማ ሰው ተቀመጠች። ሴትዮዋ ጫማዋ በዝናብ የራሰ፣ ጉንፋን የያዛት ነበረች፤ ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ከትምህርት በኋላ በፈረንጅ እስከ አምስት ሰዓት የምንቆይበት ክለብ ፎርም ሞላችልን፣ ሄደች። ሳምንቱን በሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ናቲን እየያዝኩ ጠበቅኩ። ማንም አልወሰደን። ወደ በጋው ላይ አባቴ ተፈታ፣ ዘግይቶም ቢሆን መጣልን። ናቲ የመጀመሪያ ቀን አላወቀውም።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ኖረ። ከዚያ ዓመት ወዲህ እናቴ ነጭ ቀሚስ አልገዛችልኝም። ጥምቀት ሲመጣ ሴቶቹ ልጆች ሁሉ ነጭ በነጭ ሲሆኑ እኔ በሱሪና በሹራብ እቆም ነበር። አክስቴ ልላክላት ስትል «አትላኪ» ብላታለች። የጠፋውን ቀሚስ በእኔ ያላከከች መስሎኝ ለዓመታት አኮረፍኳት፣ ክፉ ቃልም ተናግሬአታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ኬኒንግተን እኔ ጋ ነበረች። ለልጄ ለሊያ የገዛሁትን ነጭ ቀሚስ አጥቤ ሳሎን መስኮቱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ክዳኗ ቋ ስትል እኔ ማድቤት አፌን ይዤ ቀረሁ፤ ሳሎን ስገባ እናቴ ጉልበቷ እያመማት ተነስታ ቀሚሱን አውርዳ፣ አጥፋ፣ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች።

«እማዬ፣ እሱ እኮ አልደረቀም።»

«ይቅር፣ አይድረቅ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት፤ ያን ቀን ከታች ምን ያህል ቆምሽ አልኳት።

«ሃያ ደቂቃ ይሆናል» አለች። «ሰዓዳ ‹ልጆቼ ውስጥ ናቸው በይ እንጂ› እያለች ትወዘውዘኛለች። ራሷ ናት ያስፈራራችኝ፣ ራሷ ናት የምትለምነኝ። ‹አንቺ ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ› ስትል አፏን ያዝኩባት። ፖሊሱ እጄን ብዘረጋ የምነካው ነበር። ከተናገርኩ ይወስዱብኛል። ሰውየው ወርዶ አሥራ አራተኛ ፎቅ ባዶ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቼ እንኳ አልተናገርኩም፣ ማሂ። ከዚያ ቀና ስል ከመስኮታችን ነጭ ነገር ወጣ። እጁን ዘርግቶ ሲወርድ አየሁት።» ቀሚሱን በመዳፏ አለሰለሰችው። «አንቺ መሰልሽኝ።»

በየትኛው ቋንቋ እንደጮኸች አታስታውስም። ቁልፏን ፖሊሱ ላይ እንደወረወረች የነገረቻት ሰዓዳ ናት።

ያኔ እኔ ከላይ የወንድሜን አፍ፣ እሷ ከታች የሰዓዳን አፍ ይዘን፣ ነፋሱ ቀሚሴን ባይወስድልን እስከ መቼ ዝም እንል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ዛሬ ጣቴ ላይ የናቲ ጥርስ ምልክት አለ፣ እሱ ምንም አያስታውስም፣ ሳሳየው ይስቅብኛል።

ክዳኗ እንደገና ቋ አለች። ሊያ ከአሻንጉሊቶቿ መሃል ተነስታ «ሰው መጣ» እያለች ሮጠችና፣ ማን ነው ሳትል፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም አልነበረም፣ ብርድና ጥቂት የደረቀ ቅጠል ገባ። እናቴና እኔ ተያየን፣ ማናችንም አልተቆጣናትም።