ከተሃድሶ መልስ

ከተሃድሶ የወጣ ሰው አዲስ ሰው ሆኖ ይመለሳል ይባላል። አይመለስም። ታናሽ ወንድሜ ሱሉልታ ካለው የማገገሚያ ግቢ ሲወጣ ያው የገባው ሰው ነበር፤ የቀረው አረቄው ብቻ ነው። የተለወጥነው እኛ ነን፣ ያውም ወደ ባሰው።

ቃሉን ከድሮም አልወደውም። መሣሪያ ያስቀመጠ ተዋጊ ተሃድሶ ይገባል፤ ከጎዳና የታፈሰ ወጣት ተሃድሶ ይገባል፤ ስብሰባ ላይ ያኮረፈ ካድሬም ይገባል። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ደግሞ ቃሉ ራሱ ክስ ነው። በሁሉም ቦታ አዳሽና ታዳሽ አለ፤ ታዳሹ «በቃኝ፣ ታድሻለሁ» ቢል የሚሰማው የለም። ቤት እንኳን ሲታደስ ቀለሙ እስኪደርቅ ነው፤ ከዚያ ሰው ይገባበታል፣ ልጅ ግድግዳውን ያቆሽሸዋል። ሰው ሲታደስ ግን ቀለሙ እንዳይነካ ተብሎ ዙሪያውን ገመድ ይታሰርበታል፣ ገመዱን የሚፈታ አይገኝም።

ወንድሜ ቡራዩ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለው። የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። ይጠጣ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ጠዋት እጁ የሚረጋው ከመጀመሪያው መለኪያ በኋላ ነበር። ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረ፣ እሱም እሺ ብሎ ገባ። እሑድ እሑድ ከቡራዩ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባን በታክሲ አቋርጬ እጠይቀው ነበር። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አስተዳዳሪዋ ቆጣ ያለች ሴት ነበረች። አንድ እሑድ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ የውሃ ታንከሩ ማቆሚያ ተጣሞ ሳለ በያጅ ነኝ የሚል ሰው ምን ይጠብቃል ብላ አፈጠጠችበት። ነገሩ አላማረኝም። በሽተኛ ያሠራሉ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም አለቀሰች።

ሲመለስ ሰፈሩ በፍቅር ተቀበለው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድሮ በመንገድ ሲያገኘው «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተሻለህ?» ይለው ጀመር። «ተሽሎኛል» ካለ ገና በሽተኛ ነው፤ «ደህና ነኝ» ካለ እርስ በርስ ይተያያሉ። እናቴ የብየዳ ቤቱን ቁልፍ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው፤ ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ አለችው። ደንበኞቹም እንዳናስጨንቀው ብለው በራቸውን ሌላ ዘንድ አሠሩ። በክፋት ያደረገው አንድም ሰው የለም። ክፋት ቢሆንማ ይጣላቸው ነበር።

በዚህ መሃል የአንድ ጎረቤታችን አባት ሞቱና የእድሩ ድንኳን ወጣ። የድንኳኑን ብረት የሠራው ወንድሜ ነው። ጠጥቶም ሆነ ሳይጠጣ ከለቅሶ ቀርቶ አያውቅም፤ መሃለኛውን ምሰሶ የሚያቆመውም እሱ ነበር። በእኛ እድር ድንኳን ሲተከል ቁጭ የሚል ወንድ ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ በሽተኛ፣ ወይ ራሱ ሐዘንተኛው። የቀረው ይሠራል፤ ካልሠራ ስሙ ይነሣል። ያን ቀን ጠዋት ወንድሜ ጢሙን እየተላጨ፣ «ዛሬ ምሰሶውን ካቆምኩ፣ ማታ ቁልፌን እጠይቃታለሁ» አለኝ።

እጅጌውን ሰብስቦ ምሰሶውን ያዘ። ከደቡብ መጥቶ ሰፈራችን የተከራየ አንድ ግንበኛ በትሕትና ቀረብ ብሎ ብረቱን ሊቀበለው ሞከረ። «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ አንተ እረፍ» አለው። ወንድሜ አለቀቀም። ይሄኔ አብሮ አደጉ የሆነው የሚኒባስ ሹፌር ከወዲያ ማዶ አየው።

«ይሄ ብረት ሲበየድ በያጁ በእግሩ መቆሙን እጠራጠራለሁ፤ ብረቱ ግን ይኸው ቆሟል። ያዝ ባክህ፣ ተሃድሶ ነበርኩ ብለህ ከሥራ አታመልጥም።»

ወንድሜ ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሳቁ ሳያልቅ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ የምንላቸው አዛውንት፣ ሹፌሩን ገሠጹት። በሰው ቁስል አይቀለድም፣ ነውር ነው አሉት። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ወደ ወንድሜ ዞረው ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«አንተ እኛ ጋ ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«ኦቦ፣ ይሄን ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ እኮ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እናውቃለን። ለዚህ እኮ ነው የምንሳሳልህ።»

ምሰሶውን ለቀቀ። አግዳሚው ላይ፣ በኦቦና ዓይናቸው በደከመ አንድ ሽማግሌ መሃል ተቀመጠ። ሻይ ሲቀርብም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድሞ ደረሰው። እኔ የድንኳኑን ገመድ ይዤ ነበር። በዕድሜዬ አንድ ገመድ አጥብቄ አስሬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ እኔን ግን ማንም እረፍ አላለኝም።

ማታ ቁልፉን አልጠየቃትም። የዚያኑ ሳምንት ልብሱን ሸክፎ ሱሉልታ ተመለሰ። ሰፈሩ አገረሸበት አለ። አላገረሸበትም፤ ጠብታ አልቀመሰም። አሁን እዚያው ግቢ የጥገና ሠራተኛ ሆኗል። የአልጋ እግር ይበይዳል፣ በር ያቃናል፣ ያቺ ቁጡ ሴት ስትጮህበት ይውላል። ባለፈው ሄጄ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ለመንኩት። ጥቁሩን የብየዳ መነጽር ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝ።

«እዚህ ስሳሳት ይሰድቡኛል» አለኝ። «እናንተ የምትይዙኝ እንደ ሬሳ ነው፣ በቀስታ።»

ይህን የተናገረው ሳይቆጣ ነበር። ከዚያ መነጽሩን መልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ እኔም ብልጭታውን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ቁልፉ ዛሬም እናቴ መቀነት ላይ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ምሰሶውን ግንበኛው ያቆማል፣ ሹፌሩ መቀለድ ትቷል። ኦቦ ባገኙኝ ቁጥር «ተሻለው?» ይሉኛል።

እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ይመለሳል። ተሻለህ አትበሉት። ምሰሶውን አስይዙት፤ ከከበደው ራሱ ያስቀምጠዋል።