የደረቅ በሶ ፍርድ

የእሱ ሥራ አይጥ ማስፈራራት ነው። ዕድሜ ልኩን ዩኒቨርስቲ ቁጭ ብሎ አይጥ ሲያስፈራራ ኖረ፤ ለዚያውም በደሞዝ። የኔ ድመት በነጻ የምትሠራውን።

አንድ ጊዜ ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ስሄድ የሚሠራበትን ክፍል አሳየኝ። ነጫጭ አይጦች በየሳጥናቸው ተንጋለዋል፤ ከኔ መደብ የተሻለ ተነጥፎላቸዋል። ደወል ሲጮህ አይጧ ድርቅ ትላለች፤ ያኔ ፍርሃት አንጎሏ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ያያሉ አሉ። አንዲት ተማሪው አንዷን ከሳጥን ልታወጣ ስትል እሱ ከበሩ ላይ ሆኖ በልታለች ወይ፣ ጠጥታለች ወይ ብሎ ጠየቃት። ልጅቱ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ ፕሮፌሰር ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ያልበላችና ያልጠጣች አይጥ አያስነኩንም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ አለችኝ። እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ረሃቡ ግን ከኛ ከወሎዎች ትከሻ አልወረደም። ዩኒቨርስቲው ተዘጋና ተማሪውም አስተማሪውም ለዘመቻ ገጠር ተበተነ። እሱ መካነ ሰላም ደረሰ፤ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን እኛ ቤት ተመራ። ቀጭን፣ መነጽራም፣ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ። ባሌ አጨዳ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ ምን እንደሚያስተምር ጠየቀው። አይጥ ስትፈራ ምን እንደምትሆን አጠናለሁ አለ። አባቴ እስኪያስለው ስቆ፣ ልጄ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አይጡም ተሰዷል፣ እህል ካለበት፣ ከላላ ገበያ ወርደህ ፈልግ አለው። ከዚያ ወዲያ የአይጥ አባት ብለን ጠራነው።

መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ባላባታችን ጠመንጃውን አንግቶ ከወግዲ በታች ዓባይ በረሃ ገባ። አንድ የገበያ ቀን መንገድ ላይ አድፍጦ ሁለት ዘማቾች ገደለ። አንዷ ሴት ነበረች፤ ሲያመጧት አየኋት፤ አንድ እግሯ ላይ ጫማ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ደም ደምን ጠራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትናንት የባላባቱን በቅሎ ሲጎትት የነበረ ሰው ነው። የባላባቱ አንድ ዲሞፍተር ጠመንጃ እዚሁ መንደር ተደብቋል አለና ወንዱን ሁሉ ወይራው ሥር ሰብስቦ አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ድሮም ነበረ፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ማንም ቤቱ አይገባም። ድሮ ግን የሚያውጣጡት ሽማግሌዎች ነበሩ። ይሄኛው አለንጋ ያዘ።

ጎረቤታችንን ገልብጠው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ መጮህ አቃተው። በማግስቱ ሞተ። የገነዙት ሰዎች እግሩን በሁለት ጨርቅ ጠቀለሉት፣ አንዱ ደሙን አልይዝ ብሎ።

የአይጥ አባት ከቀብር ሲመለስ በቀጥታ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ። አለንጋውን አስቀምጡ፣ ያለ ደም የሚሆን ዘዴ አለኝ ብሎ ለመነው። የፈራ ሰው ምራቁ ይደርቃል። ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ ደረቅ በሶ ይሰጠው፤ ጠመንጃውን የደበቀው መዋጥ ያቅተዋል። ሊቀመንበሩ የተማረ ነገር ነው ብሎ ደስ አለው። የዘማቾቹ ስንቅ የነበረው የበሶ አቁማዳ ወይራው ሥር ወጣ።

እንግዲህ አስቡት። ስንት ወር ቆሎ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ፊት በሶ ዘግነህ፣ ይህን ካልዋጥክ ወዮልህ ትለዋለህ። የመጀመሪያው ሰው መዳፉ ላይ ሳያርፍ ዋጠውና መዳፉን ላሰ። ሁለተኛው ከዋጠ በኋላ፣ ጌቶች እኔ ክፉ ሰው ነኝ፣ ደግማችሁ ጠርጥሩኝ አለ። ወሬው ሲሰማ ከማዶ መንደር ሳይቀር እኛንም ጠርጥሩን እያሉ መጡ። እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ጀርባ ሆዳችንን ይዘን ወደቅን። እኔማ ሴት ጠመንጃ አትደብቅም ያለው ማነው ብዬ ተጣራሁ። ወላሂ በዚያ ዓመት የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ የአባቴ ተራ ደረሰ።

አባቴ በዚያ ሰሞን የተገኘችውን ሁሉ ለኔ እያስበላ እሱ በውሃ ነበር የሚያድረው። በኋላ ደግሞ ተቅማጥ ያዘውና ውሃውም አልረጋለት አለ። ከንፈሩ እንደ ሐምሌ ያላየ መሬት ተሰነጣጥቋል። በሶውን አፉ ጨመረ፤ አላመጠ፣ አላመጠ። አልወርድ አለው። ዱቄቱ በአፍንጫው ወጣ። ሳቁ ቆመ።

ሊቀመንበሩ፣ "ተገኘ" አለ።

ገለበጡት። የመጀመሪያው ግርፊያ ሲያርፍበት ከአፉ ዱቄት ቦነነ። ጠመንጃው የት ነው ይሉታል፤ አፉ ተሞልቶ በምኑ ይናገር። አጥሩን ዘልዬ ስገባ አንዱ ታጣቂ በሰደፍ ደረቴን ብሎ ጣለኝ። ከወደቅሁበት የሚታየኝ የአባቴ እግር ነው። ቆዳው ተተርትሮ ደሙ ተረከዙ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ በላይ ቢገረፍ እንደ ጎረቤታችን እንደሚሆን ያላወቀ አልነበረም።

የአይጥ አባት በገራፊውና በአባቴ መሐል ገባ። ተሳስቻለሁ አለ። የኔ አይጦች በልተው ጠጥተው የሚያድሩ ናቸው፤ የዚህ ሰው አፍ በጥማት እንጂ በወንጀል አልደረቀም አለ። ሊቀመንበሩ፣ ትናንት አዋቂ ነበርክ፣ ዛሬ የባላባት ዘመድ ሆንክ ብሎ ሽጉጡን ግንባሩ ላይ ደገነ።

ይሄኔ የአይጥ አባት ጎንበስ ብሎ ከአቁማዳው አንድ እፍኝ ዘገነና የራሱ አፍ ውስጥ ከተተው። እሱ አልተራበ፣ አልተጠማ። ሽጉጡ ግንባሩ ላይ ነው። አላመጠ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እንደ አባቴ ታነቀ። ዱቄቱን ተፋና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ይኸው እኔም አቃተኝ። ጠመንጃውን የደበቅሁት እኔ ነኝ?" አለ። ቀጥሎ አቁማዳውን ወደ ሊቀመንበሩ ገፋ አደረገ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን እርስዎ ይቅመሱ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ እውነቱን ነው፣ ይቅመስ አለ። ሌላውም ይቅመስ አለ። ወንዱ በሙሉ ይቅመስ እያለ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሊቀመንበሩ በሶውን አየ፣ ሰውን አየ። አልነካውም። በሽጉጡ እጀታ የአይጥ አባትን መንጋጋ መታው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ከወደቅሁበት ሰማሁት። ሲወድቅ ታጣቂዎቹ በጫማ ረገጡት። ያን ጊዜ ሕዝቡ ድንጋይ አነሳ። ጥይት ጮኸ፤ ያ ደግማችሁ ጠርጥሩኝ ያለው ሰውዬ በግንባሩ ተደፋ፣ እጁ ላይ ዱቄት እንዳለ። ድንጋዩ እንደ በረዶ ሲወርድባቸው ሊቀመንበሩና ታጣቂዎቹ ወደ ከተማው ሮጡ። በኋላ ሹመቱን ለሌላ ሰጡት። ዲሞፍተሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኔ በዚያ መሐል ምን አደረግሁ? አቁማዳውን አነሳሁ። ሰው ይፈነካከታል፣ እኔ በሶ ታቅፌ እሮጣለሁ። አቁማዳውን ቤት ጥዬ ነው ሰው ይዤ ለቁስለኞቹ የተመለስኩት።

በማግስቱ ሁለቱም መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አባቴ እግሩ በጨርቅ፣ የአይጥ አባት መንጋጋው በነጠላዬ ጥለት ታስሯል። ማኘክ የለ፣ መናገር የለ። በሶውን በውሃ አቅጥኜ፣ ጥርሱ በወለቀበት በኩል ቀስ አድርጌ በቅል አፈሰስኩለት። አባቴ በክርኑ ቀና ብሎ የልጁን ጉሮሮ አተኩሮ ያያል።

"ዋጠ?" አለኝ።

"ዋጠ፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ንጹሕ ነው፤ ልቀቂው።"

የአይጥ አባት ልሳቅ ሲል መንጋጋው ወጋውና እንባው ዱብ ዱብ አለ። አባቴ ቅሉን ከእጄ ተቀብሎ የቀረውን እሱ ጨለጠው።